ሸክም ያለበት ሰላም አይልም

በዚህ ታሪክ ያለነው ሰዎች ጥቂት ነን። ሉማሜ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ስም አልጠራም፤ የሚያውቀን ሳልነግረው ያውቀናል፣ የማያውቀንን ደግሞ ስማችን አይጠቅመውም። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ባለ የእህል መጋዘን የተሸካሚዎች አለቃ። ሁለተኛው የመጋዘኑ ጌታ የሆነው ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ታናሼ፣ በእንጀራ አለቃዬ። ሦስተኛው የነጋዴው አባት ናቸው፤ እርሻቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው ከገጠር ወደ ከተማ የገቡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። አራተኛው ከአማኑኤል ከተማ በኩል መጥቶ እኛ ዘንድ ኩንታል የሚሸከም ጎልማሳ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ለስላሳ። የወደቀው እሱ ነው። አምስተኛዋ ሚስቴ ናት። ስድስተኛው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ያልተናገረ ሰው።

ለእኔ በሚዛን ላይ የነበረው እንጀራዬ ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት አሉኝ። አለቅነቴ ቢቀርብኝ በዚህ ዕድሜዬ የሚጠብቀኝ ተመልሶ ከኩንታል ሥር መግባት ነበር። ጀግና ነበርኩ አልልም፤ ፈርቼ ነበር። ፈርቼም ግን ያልኩትን አላጠፍኩም፤ ዛሬም አላጥፍም።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ነው። ጆንያውን ስሸከም ፊደሉ ከጆሮዬ አጠገብ ስለሚሆን፣ አራግፌ ስመለስ ምን ይል ይሆን እያልኩ ማንበብ የሚችለውን ሁሉ እጠይቅ ነበር። ቀስ በቀስ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አንባቢ ሆንኩ። ሸክምን ግን ያስተማረኝ ወረቀት አይደለም፤ የገዛ ወገቤ ነው። ስለዚህ ስለ ሸክም ስናገር ማንም መጥቶ «አንተ ምን ታውቃለህ» ቢለኝ አልሰማውም።

ጥር ነበር። አዲሱ ጤፍ ከየገጠሩ የሚጎርፍበት ወር ስለሆነ ከመጋዘናችን በር ላይ አንድ አይሱዙ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ከመሬት ወደ መኪናው ጀርባ የሚያወጣ አንድ ረጅም ሳንቃ አለን፤ ተሸካሚው ኩንታሉን ትከሻው ላይ አድርጎ በሳንቃው ላይ ይወጣል፣ ያራግፋል፣ በጎን ዘሎ ይወርዳል። ሳንቃው ከብዙ ዘመን እግር የተነሳ ልስልስ ብሏል። ከየጆንያው ስፌት የምትንጠባጠበው ጤፍ ደግሞ እላዩ ላይ ትተኛለች። ጤፍ ትንሽ ናት ብሎ የናቃት ሰው ሳንቃ ላይ ያገኛታል። ከእግር ሥር ስትገባ ከፈሰሰ ዘይት አትተናነስም።

አባባ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ከዘራቸውን ይዘው ይመጡና ከሳንቃው እግር አጠገብ ባለች ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ቦታዋን የመረጧት መንገዱ ስለሚታያቸው ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣውን፣ ወደ ደጀን የሚወርደውን አውቶቡስ ሁሉ ያያሉ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል። ተሸካሚውም እንዲሁ። ሳንቃው መካከል ደርሶ እንኳ ቢሆን ቆም ብሎ፣ ወደ እሳቸው ዞር ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው ሰላም የሚላቸው። እዚህ አገር ታላቅ ሰው ተቀምጦ እያየህ ዝም ብለህ ካለፍክ፣ ማታ ወላጆችህ ቤት ወሬው ቀድሞህ ይደርሳል።

ያን ጠዋት የአማኑኤሉ ሰው ከሳንቃው እኩሌታ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ አየዋለሁ። አባባ መጥተው ሊቀመጡ ሲሉ አያቸው። ቆመ። በአንድ እጁ ኩንታሉን እንደያዘ፣ በሌላው እጁ እንደ ቆብ ያጠለቀውን ጆንያ ጫፍ ከግንባሩ ገፋ አደረገና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ ልጄ?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«እናትህስ? ጉልበቷን ያማት አልነበር?»

«ተሻላት አባባ።»

«እሰይ። አዝመራውስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባባ፣ ዘንድሮ እንኳ...»

ዘንድሮ ምን እንደሆነ አልሰማንም። እግሩ ከሥሩ ሄደ። እሱ በጎኑ ወደቀ፣ ኩንታሉ ተከትሎት ታፋው ላይ ወረደ። የተሰማው ድምፅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ ሁላችንም ወደ ሳንቃው አየን። ሳንቃው ግን ደህና ነበር።

በዚያው አይሱዙ ጭነው ደብረ ማርቆስ ወሰዱት። እኛ የቀረነው ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ቆምን፤ ያን ጊዜ የተባለውን አልረሳውም።

«እጣው ነው» አለ አንዱ።

«ዓይን ነው። ትናንት ሁለት ኩንታል ደርቦ ሲያነሳ ሰው ሁሉ እያየው አልነበር?» አለ ሌላው።

«ጠዋት ሲመጣም ፊቱ ልክ አልነበረም። በግራ ጎኑ ነው የተነሳው» አለ ሦስተኛው።

ወደ ሳንቃው ወጣሁና እሱ ከቆመበት ቦታ በመዳፌ ጠራርጌ ያገኘሁትን ጤፍ ይዤ መጣሁ። «ይኸውላችሁ እጣው» አልኳቸው። «ፈጣሪ የእሱን ታፋ ሊሰብር ከሰማይ አልወረደም። እኛ መጥረጊያ ስላላነሳን ነው።» ሰው እጣን ይወዳል፤ እጣ መጥረጊያ ያዝ ብሎ አያዝዝምና።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። በነጋዴው ጓዳ ከተሰበረ አልጋ የተረፈ እንጨት ነበር፤ እሱን ቆራርጠን ተሸካሚው እግሩን የሚያሳርፍበት ማገጃ አድርገን ሳንቃው ላይ በየክንዱ መታንበት። በሳንቃው እግር ላይ መጥረጊያ አቆምኩ፤ አንድ መኪና ሞልቶ በሄደ ቁጥር ይጠረጋል። ስፌቱ የሚያፈስ ጆንያ ሳይሰፋ ትከሻ ላይ አይወጣም አልኩ። ሸበጥ አድርጎ የመጣ ሰው ጫማ እስኪቀይር አይሸከምም አልኩ። ነጋዴው ይህን ሁሉ ፈቀደ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ አሾፈብኝ፣ ሚስማሩን ግን ሰጠኝ።

ጠቡ የመጣው ከአምስተኛው ትእዛዝ ነው። ተሸካሚዎቹን ሰብስቤ እንዲህ አልኳቸው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ሸክም ያለበት ሰላም አይልም። ለአባባም፣ ለነጋዴውም፣ ለቄሱም፣ ለእኔም። ለሰላምታ ብሎ አይቆምም፣ አይዞርም፣ አንገቱን አይሰብርም። ያራገፈ ግን እስኪጠግብ ሰላም ይበል።»

ተያዩ። አንደኛው ሳቀ።

«አለቃ፣ እንግዲህ በቅሎ ሆንን ማለት ነው?»

«በቅሎስ ሰው ሲያልፋት ጆሮዋን ታነሳለች» አለ ሌላው።

«እናንተ ጆሮም እንዳታነሱ» አልኩ።

የአባባን ወንበር ደግሞ ከሳንቃው እግር አንስቼ ከሚዛኑ ኋላ አደረግኩት። እዚያ ሁሉም ባዶ እጁን ነው የሚያልፈው። ነጋዴውን ጠርቼ፣ «አባትህን አስረዳልኝ፤ ከአንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል» አልኩት። «እሺ» አለ። አልነገራቸውም። አባቱን ፈራ፤ እኔም አልፈርድበትም፣ እኔም አባቴን እፈራ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን አዛውንቱ ናቸው፤ ምንም ሳያውቁ መጡ።

መጥተው ወንበራቸውን ከቦታዋ አጧት። ሳንቃው እግር ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ተሸካሚዎቹ ተራ በተራ እየተጫኑ ያልፋሉ።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ?»

ማንም አልመለሰም። የሚሰማው የሳንቃው ሲጥ ሲጥ ማለት ብቻ ነበር። አንዱ አለፈ፣ ሌላው አለፈ።

«ምን በደልኳችሁ?»

ይህን ሲሉ ከኋላ የነበረው ተሸካሚ አልቻለም። ኩንታሉን መሬት ላይ አሳረፈና፣ «አባባ፣ አለቃ ከልክሎን ነው። ሸክም ላይ ሆነን ሰላም እንዳንል» አላቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። ቀርቤ፣ እጄ ባዶ ነበርና ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ከብት እንኳ ጌታውን ሲያይ ይጮኻል» አሉኝ። ከዘራቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጡም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ጠራኝ። ተቀምጦ ነበር፤ ስገባ አልተነሳልኝም። ይህን ያደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ አባቴን ከገዛ ግቢዬ አባረሯቸው።»

«አላባረርኩም። ወንበራቸውን ወደ ሚዛኑ ነው ያዞርኩት። አስረዳልኝ ብዬህ ነበር።»

«ምን ብዬ ላስረዳ? ከእንግዲህ ሰላም የሚልዎ የለም ልበላቸው?»

«የወደቀውን ሰው እግር አይተሃል። እሱን ንገራቸው።»

«እግሩን ያሳከምኩት እኔ ነኝ።»

ይህ እውነት ነበር። ሐኪም ቤቱንም፣ መድኃኒቱንም፣ ቤተሰቡ የሚበላውንም እሱ ነው የቻለው። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ያልሆነ ሰው ግን ሁልጊዜ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ልጆቼ ይህን ለይታችሁ እወቁ።

«ስላሳከምከው ተመስገን። እኔ የምፈልገው ሁለተኛ የምታሳክመው ሰው እንዳይኖር ነው» አልኩት።

«እኔ የምፈልገው ደግሞ አባቴ ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቁ ነው። በሽማግሌ ፊት ቀርበው ይቅርታ ይጠይቁልኝ፣ ያሉትንም ያንሱ። አለበለዚያ ሌላ አለቃ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ወደቀው ሰው ነው። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ከተማው ውስጥ በተከራየው ቤት ተኝቶ ነበር፤ እግሩ እስከ ዳሌው በጀሶ ታስሯል። ቢያንስ እሱ ከጎኔ ይቆማል ብዬ ነበር። ነገሩን ስነግረው ከትራሱ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት አባባን እንዳያስቀይሙብኝ።»

«የወደቅከው እኮ ለእሳቸው ስትመልስ ነው።»

«የወደቅኩት ጤፍ አንሸራቶኝ ነው። ሰላም ሳልላቸው አልፌ ባልወድቅስ፣ እናቴ ስትሰማ ምን ትለኛለች?»

«በሁለት እግሩ ይሄዳል ትላለች።»

ሳቀ። ሲስቅ ታፋው አመመውና ተወ። «ቢሆንም ደግ አይደለም» አለኝ። ተሰናብቼው ስወጣ ከተኛበት ሊነሳልኝ ሞከረ። አንድ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ በክንዱ አልጋውን ተደግፎ ሊነሳ ሲታገል በትከሻው ይዤ አስተኛሁት። ያን ጊዜ ነገሩ ጠለቅ ብሎ ታየኝ። ይህን ሰው መጥረጊያና ሚስማር ብቻ አያድነውም። ሰውነቱ ለታላቅ ሰው የሚነሳው ሳያስብ ነው፤ ሳያስብ የሚነሳን ሰው ደግሞ የሚያቆመው ሕግ ብቻ ነው፣ ያውም ታላቆቹ ራሳቸው የሚያከብሩት ሕግ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ወሬውን ጨርሳ ጠበቀችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንገትህን ሰበር አድርገህ ብትመጣ ምን ይጎድልብሃል?»

«አንገቴ አይደለም ነገሩ።»

«ልጆቹን ‹ተነሱ፣ ታላቅ ሰው መጣ› እያልክ የምታስነሳቸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ነገም አስነሳቸዋለሁ። እዚህ ቤት ግን ኩንታል የተሸከመ ሰው የለም።»

«አለ እንጂ» አለች። «እኔ አንተን ተሸክሜ ስንት ዘመኔ።»

እራቴን አቀረበችልኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ከሥራ ብትወጣ ምን እንበላለን?» አለች፤ ይህ ቀልድ አልነበረም። «እሸከማለሁ» አልኳት። ወገቤን አየችው።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በሐጂ ሱቅ ውስጥ ነው፣ በስኳርና በሳሙና ካርቶን መካከል። ነጋዴው ተናገረ፣ እኔም ተናገርኩ። ቄሱ፣ «ሰላምታ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው እንዴት ይከለክለዋል?» አሉ። «አልከለከልኩም አባ። አቆየሁት እንጂ። አንድ ሰው ሳንቃ ላይ ወጥቶ አራግፎ እስኪወርድ ሰላምታው አይበላሽም» አልኳቸው። ሐጂ ሳቃቸው መጣ፤ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

በመጨረሻ ሐጂ ፍርዱን ተናገሩ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያለ አዋጅ መምጣቱ ነው የጎዳው። አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ሰላም ብሎ መልስ ማጣቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ አንተ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ፣ እግራቸው ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ሕጉ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለውን ከዚያ በኋላ አባባ ይወስኑ።»

ወጉን ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ከተበደለው ሰው እግር ሥር ጎንበስ ይላል፤ «ይቅር ብያለሁ» እስኪባል አይነሳም። ታላቅ ወግ ነው። ደም የተቃባ ሰው በዚህ ሲታረቅ አይቻለሁ። አባባ ራሳቸው ስንቱን በዚህ አስታርቀዋል።

«ድንጋዩ ግን ቀለል ያለ ይሁን» አሉ ሐጂ። «ሰውየው ወገቡ ያረጀ ነው።»

«ቅር ስላሰኘኋቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ። «ለሕጉ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።» ነጋዴው ከመቀመጫው ሊነሳ ሲል ቄሱ በእጃቸው አስቀመጡት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በመጋዘኑ ግቢ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው መካከል ላይ በወንበራቸው ተቀምጠው ነበር። ተሸካሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ማንም አልቀረም፤ የአለቃን ውርደት ለማየት የማይመጣ ሠራተኛ የት ይገኛል።

ድንጋይ ፈለግኩ። የመኪና ጎማ እንዳይንከባለል የምናስደግፍበት ታኮ ድንጋይ በር ሥር ነበር። ቀላል አይደለም። እሱን አነሳሁና አንገቴ ላይ አድርጌ መሄድ ጀመርኩ። በመንገዴ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ፣ እነዚህ ሰዎች እያዩኝ፣ ሸክም ይዤ ለታላቅ ሰው ጎንበስ ካልኩ ሕጉ ዛሬ ሞተ። ነገ ጠዋት ሳንቃው ላይ ሁሉም አንገቱን ይሰብራል፤ «አለቃም አድርጎታል» ይላል። ትክክልም ይሆናል።

አባባ ፊት ደረስኩ። ቆምኩ። አልጎነበስኩም።

ቄሱ፣ «ጎንበስ በል እንጂ ልጄ» አሉ።

«አልችልም አባ። ሸክም አለብኝ።»

«ምን አልክ?»

«ሸክም ያለበት ሰው በዚህ ግቢ ጎንበስ አይልም። ሕግ ነው።»

ከግድግዳው በኩል አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ሌላው በክርኑ መታው። ነጋዴው ተነስቶ ቆመ። ፊቱ ጠቆረ። «አያችሁ? በሽማግሌ ፊት! አሁንም በአባቴ ላይ ይሳለቃል።» እኔ አልተሳለቅኩም። እንጀራዬ በዚያች ደቂቃ እንዳለቀ ቆጠርኩት።

አባባ ግን ልጃቸውን በእጃቸው ምልክት አስቀመጡት። እኔን ሳይሆን ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከባድ ነው?» አሉኝ።

«ከባድ ነው አባባ።»

«ስታወርደውስ?»

«ሳወርደው ጉልበትዎን እስማለሁ። እንደ ወጉ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ በል ቢሉኝም ጎንበስ እላለሁ።»

«እንግዲያው አውርደው።»

አወረድኩት። ተሸካሚዎቹን እንደማስተምራቸው፣ ወገቤን አቅንቼ ጉልበቴን አጥፌ፣ እግሬን ከሥሩ አርቄ አሳረፍኩት። ከዚያ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «በሰው ፊት ሰላምታዎ መልስ ስላጣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ከልቤ ነበር። ያን ጠዋት «ምን በደልኳችሁ» ሲሉ የነበረውን ድምፅ አልረሳሁትም።

«ይቅር ብያለሁ፤ ተነስ» አሉኝ። ተነሳሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። ወደ ሳንቃው እያዩ፣ «ያን ልጅ ስለ እናቱ ጉልበት የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አላየሁትም አይደለም፤ ኩንታሉን አይቼዋለሁ። ‹አውርድና እናውጋ› ብለው ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?» ከዘራቸውን ወደ ሚዛኑ ዘረጉ። «በሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሸክም ይዞ ሰላም የሚለኝን ሰው ሰላምታውን አልቀበልም። ወንበሬንም ከሚዛኑ ኋላ አድርጉልኝ።»

ቄሱ ጥቂት ግራ ተጋቡ። «እንግዲህ ፍርዱ ለማን ሆነ?» አሉ።

«ለወገባችን» አሉ ሐጂ።

ሥራዬ ተረፈ። ነጋዴው ለጥቂት ሳምንታት ከሥራ ቃል በቀር አላነጋገረኝም፤ ከዚያ አንድ ጠዋት እንደ ድሮው ሲያየኝ ተነሳልኝ። ሕጉ ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ከሳንቃችን ላይ ሰው አልወደቀም። ሌሎች መጋዘኖች ግን ይስቁብናል፤ የእኛን ግቢ «የዲዳዎች ግቢ» ይሉታል። ይበሉ። እነሱ ዘንድ ሁለት ሰው ወድቋል።

እውነቱን ሁሉ ልናገር ካልኩ ያልወደድኩትንም ልናገር። አንድ ቀን ትልቁ ልጄ ስልኩን እያየ በሐጂ ሱቅ ፊት ሲያልፍ አየሁት። ሐጂ ሰላም አሉት፤ ቀና ሳይል፣ «ሸክም አለብኝ» ብሏቸው አለፈ። የከተማው ወጣት ሁሉ ይህን ቃል መቀለጃ አድርጎታል። ስልኩን ከእጁ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። «አሁን አራግፈሃል። ተመለስና ሰላም በላቸው» አልኩት። ተመለሰ። ሐጂም በጨዋታቸው ስለ እናቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ አያቱ ከብቶች ሳይቀር እየጠየቁ አቆሙት። ሕግን ለስንፍና መደበቂያ የሚያደርግ ሰው ሕጉን ካፈረሰው አይሻልም። ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ እላለሁ፤ ይሰለቻሉ፤ እኔ አልሰለችም።

እንግዲህ ድምሩን ልጻፍ። የአማኑኤሉ ሰው ታፋው ገጠመ፣ ግን አጠረ፤ ያነክሳል፣ ኩንታል ዳግመኛ አይሸከምም። ዛሬ የመጋዘኑ ዘበኛ ነው፤ የሚያገኘው ከድሮው ያንሳል፣ እናቱም ታውቀዋለች። ነጋዴው ለሕክምና ያወጣው በዚያ ጥር ያተረፈውን በላው። እኔ ሽማግሌ ፊት የቆምኩባቸውን ቀናት፣ ሚስቴም እንቅልፍ ያጣችባቸውን ሌሊቶች አንቆጥራቸውም። ከሁሉ የበለጠ የከፈሉት ግን አባባ ይመስሉኛል። ከሚዛኑ ኋላ መንገዱ አይታይም። ተሸካሚው ሁሉ አራግፎ ሲመለስ እየቆመ ሰላም ይላቸዋል፣ ያጫውታቸዋል። እሳቸው ግን የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «የደጀኑ ነው ወይስ የማርቆሱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ታፋ፣ የአንድ ወር ትርፍ፣ የአንድ ሽማግሌ መንገድ። ሁላችንም በአንድነት የከፈልነው ይህ ነው። አስቀድመን አስበን ብንሠራው ኖሮ ግን ዋጋው ከተሰበረ አልጋ የተረፈ እንጨት፣ አንድ እፍኝ ሚስማርና «አውርድና እናውጋ» የምትል አንዲት ቃል ነበር።